ፓሪስና ሮም ሮብ ገበያ ላይ ሲካሰሱ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። ገና ከመናኸሪያ ሳንወጣ ምሳ የት እንብላ የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። ግማሹ ደጀን ይላል፤ ግማሹ ዓባይን ተሻግረን ጎሐ ጽዮን ይላል። ሾፌሩ ደንበኛው ቤት ሊያቆም ድሮ መወሰኑን ሁሉም እያወቀ ይከራከራል። እኔም እከራከራለሁ። ለምሳ መውረጃ እንዲህ የምንሆን ሰዎች፣ አንድ ቀን አውሮፓ ውረዱ ቢሉን ምን እንደምንሆን እስቲ አስቡት።

አሉን እኮ!

አብሮን ያደገው ደረጀ ካናዳ ከገባ ቆይቷል። ልጁን ሊድር ሲሆን ሦስታችንን ጠራን፤ እኔን፣ የታሪክ መምህሩን ይትባረክንና ጨርቅ ነጋዴውን ሰይድን። «ከመጣችሁ ሦስታችሁም ኑ፤ አንድ ከጎደለ ሌሎቹንም አልፈልግ» አለ በስልክ። ቲኬት ቆራጯ ልጅ ደግሞ ፈገግ ብላ መዓት አመጣችብን። «በመንገዳችሁ አውሮፓ አንድ ቀን አርፋችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ከተማውን እናንተ ምረጡ» አለች። ምናለ ዝም ብላ ብትቆርጥልን!

ሰይድ ፓሪስ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ለደንበኛ ጨርቅ ሲዘረጋ «ይቺ የፓሪስ ናት» እያለ ነው የኖረው። ከየት እንደመጣች እሱም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። «አንድ ቀን እንኳ ረግጫት ልምጣ፤ ከዚያ በኋላ ስምል ሆዴን ቅር አይለውም» ይላል። ይትባረክ ደግሞ ሮም አለ። የሮምን ነገሥታት ሲያስተምር ጸጉሩ ሸብቷል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አይተዋታል?» ካለችው ወዲህ ግን ያቺን ልጅ ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የእኔም መከራ ከዚህ ይጀምራል።

ቀልዱ ወደ ቁም ነገር ዞረ። ሰይድ «የፈረሰ ግንብ ለማየት ምን አስኬደኝ?» አለ። ይትባረክ «አንተስ የሰው ጣቃ ልትቆጥር ነው?» አለ። ይህም ባልከፋ። ግን ይትባረክ ለሠርጉ የሚለብሰውን ሱፍ ከሰይድ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገዛ። ይህን ነገር አቅልላችሁ እንዳታዩት። ከተማው እያየ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ በሰይድ ደጃፍ አለፈ! በማግስቱ ሰይድ «ካናዳም አልሄድ፣ እሱ ባለበትም አልቀመጥ» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ከልጅነት ጀምሮ አብረን የኖርን ሰዎች ባላየነው ከተማ ልንለያይ ነው።

ሽማግሌ መያዝ ግድ ሆነ። የይትባረክ አማት አያ ተገኘ ጮቄ ተራራ ላይ፣ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ይኖራሉ፤ የሰይድም የጥንት ደንበኛ ስለሆኑ እሱም «ከእሳቸው ቃል አልወጣም» አለ። ሁለቱን ይዤ ወጣሁ። አያ ተገኘ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው አጥር ሥር ተቀመጡ፤ የጮቄ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የግጦሽ ክርክር እንደሚሰሙ ሁሉ ሁለቱን ተራ በተራ አናገሩ።

«ፓሪስን አይተሃታል?» አሉት ሰይድን።

«አላየኋትም።»

«አንተስ፣ ሮምን?»

«አላየሁም፣ አባቴ» አለ ይትባረክ።

«ታዲያ ማን ባየው ድንበር ነው የምትካሰሱት?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የጂኦግራፊ መምህር ነህ። በሁለቱ መሐል ምን አለ?»

የማውቀውን ተናገርሁ። «ተራራ አለ፤ በዚያው በኩል ጄኔቭ የምትባል ከተማ አለች።»

«ደጋ ነው?»

«ደጋ ነው። በረዶ አለው፤ ላምም አለው።»

«መልካም አገር ነው። በሉ፣ ለአንዳችሁም አልፈረድሁም፤ ጄኔቭ እረፉ። ተነሡና ይቅር ተባባሉ።»

ተነሥተው ተሳሳሙ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ቪዛው ተገኝቶ ጄኔቭ ስንወርድ ዝናብ ተቀበለን። ዕለቱ እሑድ ነበርና ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በባቡር ወጣ ብንል ጉም፣ የድንች የሚመስል ማሳና በዝናብ የቆሙ ላሞች። ይትባረክ የባቡሩን መስኮት በእጅጌው ጠረገ።

«ሰይድ» አለ። ከሱፉ ወዲህ በስሙ ሲጠራው ገና መስማቴ ነው። «ይህ ሮብ ገበያ አይደለም?»

«ሮብ ገበያስ ሱቅ ክፍት ነው» አለ ሰይድ።

ከዚያ ሁለቱም እኩል ዞረው እኔን አዩኝ። ላም አለው ብዬ የመሰከርሁት እኔ ነኛ! ያን ቀን በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቃቅፈው ስሜን ሲያነሡና ሲጥሉ ዋሉ፤ እኔ ከኋላ እየበሰበስሁ ተከተልኋቸው። ሠርጉ ላይ ሰይድ የዚያን የጉድ ሱፍ ኮሌታ ሲያስተካክልለት አየሁና በደስታ እንባዬ መጣ። ለእኔ ግን አልራሩልኝም።

ስንመለስ ከፍቶኝ ለአያ ተገኘ አቤት አልሁ። «እርስዎ በፈረዱት እኔ ተቀጣሁ። ከተማዋ ለማንም አልሆነችም።»

«እሱን ተወው። ታርቀዋል?»

«ታርቀዋል።»

«እኛስ የተቀመጥነው ለማስታረቅ አይደል? ከተማ ልንመርጥ መቼ ተቀመጥን?» አሉ።

አሁን ሦስታችን አመሻሽ ላይ ሻይ ቤት እንገናኛለን። በቀደም ሰይድና ይትባረክ በማይረባ ነገር ድምፃቸው ከፍ ከፍ አለ፤ ሰይድ ኮቱን አንሥቶ ሊሄድ ተነሣ። ሻዬን አማሰልሁና ረጋ ብዬ፣ «ጄኔቭ ግን ጥሩ ከተማ ነበረች» አልሁ። ሰይድ ኮቱን መልሶ ተቀመጠ። ሁለቱም ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየተቀበለ ይሰድቡኝ ጀመር።