ደብሪቱ ክንዷን ስታነሳ

(1973 ዓ.ም.፣ ዳባት። ደብሪቱ የጡቷን እብጠት ለማስወጣት ነገ ጎንደር ትሄዳለች። ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ታራምዳለች። ባሏ ያርጋል፣ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ፣ ያያታል።)

ያርጋል፦ ግድግዳውን ተይው። ትናንት ነው የተለቀለቀው።

ደብሪቱ፦ በጣቴ እየወጣሁ ነው።

ያርጋል፦ ወዴት?

ደብሪቱ፦ ወደ ላይ ነዋ። ኦፕራሲዮን ከሆንሁ በኋላ ክንዴ እንዳይተሳሰር በየቀኑ እንዲህ አድርጊ ብላኛለች፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አሲያ።

ያርጋል፦ በኋላ ካለችሽ ዛሬ ምን አስቸኮለሽ?

ደብሪቱ፦ «ሲያምሽ ብነግርሽ አይገባሽም፣ አሁን ልመጂው» ብላ ነው።

ያርጋል፦ የቆሰለ ሰው አርባ ቀን አይነቃነቅም። ቀዩ በሬ የዳነው አስሬ ስላስተኛሁት አይደል?

ደብሪቱ፦ በሬው ያመመው ጡቱን ነበር?

ያርጋል፦ ነገር አታጣሚ። ይልቅ ጠዋት ገንፎሽን በልተሽ ነው ለሐኪሙ የምትተኚ።

ደብሪቱ፦ በባዶ ሆዴ ነው። ከበላሁ፣ ማደንዘዣው ሲያስተኛኝ ምግቡ ወደ ሳንባዬ ይገባል አለች።

ያርጋል፦ ጾም ነዋ! ቄሱ ሳያውቁ?

ደብሪቱ፦ ሲስተር ታውቃለች።

ያርጋል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አትፈሪም?

ደብሪቱ፦ የማላውቀውን ነበር የምፈራ። አሁን ከጎኔ የቁስሉን ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ እንደሚኖር፣ በማግሥቱ ተነሥቼ እንደምራመድ አውቄአለሁ። ትንሽ ፍርሃት ቀርታኛለች፤ እሷን አንተ ያዝልኝ።

ያርጋል፦ እይዛለሁ።

(ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ ዳባት ጤና ጣቢያ። ደብሪቱ ድና ተመልሳ ስፌቷን ልታስፈታ መጥታለች። ያርጋል አልጋ ላይ ተዘርግቶ ዓይኑን ይገልጣል። እሷ አጠገቡ ቆማለች።)

ያርጋል፦ ስፌቱ ተፈታ?

ደብሪቱ፦ ተፈታ። አንተ መቀሱን ስታይ ወደቅህ።

ያርጋል፦ ታዲያ አልጋው ላይ ማን አወጣኝ? አንቺ ነሽ?

ደብሪቱ፦ ሲስተርና ዘበኛው ናቸው። እኔ ከባድ እንዳላነሣ ተነግሮኛል።

ያርጋል፦ ክንድሽስ?

ደብሪቱ፦ (ክንዷን ቀስ ብላ ከራሷ በላይ እያነሣች) ይኸው።

ያርጋል፦ እሰይ። ግን እኔንስ፣ አስታማሚ ስፌት ሲፈታ ሲያይ ሊወድቅ ይችላል ብሎ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ደብሪቱ፦ ሲስተር ተናግራ ነበር። ያን ጊዜ አንተ በረንዳ ላይ ለሌሎቹ አስታማሚዎች ስለ ኦፕራሲዮን ታስተምር ነበር።