ዳማ ፈረስ ለተከራይ

ፈረስ የማይገዛ ፈረስ ገዢ ገጥሟችሁ ያውቃል? በየቅዳሜው ሱሉልታ ገበያ ይመጣል፤ የዳማውን ፈረስ ጥርስ ገልጦ ያያል፣ ኮቴውን ያነሳል፣ በዋጋ ሲከራከር አርፍዶ ባዶ እጁን ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው አትናቁት፤ እኔ ነኝ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዓይኔን ስጨፍን፣ በዳማ ፈረስ እንጦጦን በጉም ውስጥ ተሻግሬ ቢሮዬ በር ላይ ስወርድ ይታየኛል። ዘበኛው ሳይቀር ተነስቶ ልጓሙን ይቀበለኛል። ለደመወዝተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ሕልም አለ?

አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ሊያሰፋ በታቀደው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይ የተዘጋ ቅዳሜ፣ ገበያው ጭር ብሎ ነበር። በዋጋ ፍንክች የማይሉት ኦቦ ቶሎሳ ዳማቸውን ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" አልኩና እንደ ልማዴ የማይሆን ዋጋ ጠራሁ።

"እሺ፣ ውሰደው" ብለው ገመዱን አስጨበጡኝ።

ፈረሱ አንገቱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ተነፈሰ። ሕልም እንዲህ እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር።

"ኦቦ፣ እኔ እኮ የተከራየሁት አንዲት ክፍል ነው። የት አስረዋለሁ?"

"የግጦሽ መስኬ ላይ ችካል የተከሉትን ቀያሾች" አሉ፣ "እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅኋቸው።"