መነጽሩን የረሳው አናጢ

በያጁ የደወለልኝ የሦስተኛ ክፍል ደብተር እያረምኩ ሳለ ነው።

«ቲቸር፣ ተቀምጠሻል?»

ተቀምጫለሁ አልኩት።

«እንግዲያው እንደተቀመጥሽ ስሚኝ።»

ወንድሜ ወርክሾፑ ውስጥ፣ መላጊያውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በርጩማው ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ነበር። በያጁና እሱ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የመላጊያው ድምፅ ሲጠፋበት ነው ሄዶ ያየው። ስልኩን ዘጋሁና የቀሩኝን አራት ደብተሮች አርሜ ጨረስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሦስት ወር ሆነው። ስለ እሱ ፊትን አጥቁሮ መጻፍ ግን እሱን አይመስልም፤ ስለዚህ እንደሚገባው ልጀምር።

መነጽሩን ቤት ረስቶ የሚወጣ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እናንተም ቤት አለ። ወረቀት ሲሰጡት ደረቱን ይዳብሳል፣ የሱሪ ኪሱን ይዳብሳል፣ «ወይኔ መነጽሬን!» ይልና ወረቀቱን አጠገቡ ላለው ሰው ያቀብላል። መነጽሩን አድርጎ ያየው ሰው ግን የለም።

የእኛ ቤት ባለመነጽር፣ ክቡር አናጢው ታላቅ ወንድሜ ነበሩ። ዓይናቸው የጭልፊት ነው። ከመንገድ ማዶ ቆመው የአንድ በር ማጠፊያ በፀጉር ውፍረት ዝቅ ማለቱን ይናገራሉ፤ ባለቤቱ ይለካል፤ ዝቅ ብሏል። በያጁ ይህን ነገር ሊውጠው አልቻለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ማዶ ያለ ስንጥቅ እያየህ እጅህ ላይ ያለው ወረቀት እንዴት አይታይህም?»

«የጠፋብኝ የቅርቡ መነጽር ነው።»

«ትናንት የሩቁ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ሁለቱም ጠፍተዋል። ሌባ በዝቷል።»

መነጽር አልሠራ ሲል ኮላ አለ፦ «እጄን ኮላ ነክቶታል፣ እህት ዓለም፣ አንቺው አንብቢው።» ኮላም ካልሠራ ፋሻ አለ። ቅጽ የሚያስሞላ ቢሮ የሚሄዱ ቀን ክቡርነታቸው ቀኝ እጃቸውን ከጣት እስከ አንጓ ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ከስክሰው ነው ከቤት የሚወጡት። አንድ ቀን መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባባ፣ ባለፈው የተጎዳው ግራዎ አልነበረም?»

«ግራው ዳነ፤ አሁን ተራው የቀኙ ነው።»

ሞላችላቸው።

ማዕረጉን እዚህ ላይ ላውርደው። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አራተኛ ክፍል ላይ ደረስኩበትና አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ሒሳብ በቃል ሲሆን ከእሱ የሚቀድም አልነበረም። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ላብ ያጠምቀዋል፤ «ፊደሎቹ ካስቀመጥኳቸው ቦታ አይገኙም» ይለኝ ነበር። መምህሩ ስሙን ትቶ «ደደቡ» እያለ ነበር የሚጠራው። በዓመቱ እኔ አለፍኩ፣ እሱ ለአናጢ ተሰጠ። እኔ ማንበብ አስተማሪ ሆንኩ።

ወንድሜ ሜትር አይዝም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይቆርጣል፤ ቤታቸው ይወስደዋል፤ በአንደኛው ጎን ወርዱን፣ በሌላው ቁመቱን በቢላ ጭሮ ይመለሳል። ቁጥር የለም፣ ስም የለም። ዘንጉን «ልክ» ነበር የሚለው። ልኮቹ ሥራቸው እስኪያልቅ ግድግዳው ላይ፣ በየሚስማራቸው ተንጠልጥለው ይቆያሉ።

አንድ የዕረፍት ቀን ውለታ ልዋልለት አልኩ። እያንዳንዱን ዘንግ የማን እንደሆነ እየጠየቅኩት አወረድኩ፤ ባማረ የእጅ ጽሑፌ ስም ጽፌ ለጠፍኩባቸው፤ ከዚያ በፊደል ተራ መልሼ ሰቀልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሸኘኝ።

በሳምንቱ የልብስ ሰፊዋ ቁምሳጥን በበሯ አልገባ አለ። የተሠራው በፀጉር አስተካካዩ ልክ ነበር። ወንድሜ አልነገረኝም፤ የነገረኝ በያጁ ነው።

«ቲቸር፣ ምን ነክቶሽ ነው? ግድግዳው እኮ ሰፈሩ ነበር!»

ለካ ከላይ ያለው የሚስማር ረድፍ የዳገቱ ቤቶች፣ የመሃሉ ዋናው መንገድ፣ የታችኛው ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ነው። እኔ ሰፈሩን አፍርሼ በፊደል ተራ አስፍሬዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። ሰጋቱራ እየጠረገ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አጠፋሁ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? መነጽሬን ይዤ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። ማወቄን ያውቅ ነበር፤ ማወቁን አውቅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም መነጽሩ መጥፋቱን አላቆመም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሴት ልጁ፣ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ማንበብ አቃታት። ባለሙያ መጥታ መረመረቻትና አባቷን አስጠራች። «ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለችው። «ፊደል የምትይዝበት መንገድ ነው ከሌላው የተለየው። ስንፍና አይደለም። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል።»

«ስም አለው?»

«አለው። ዲስሌክሲያ ይባላል።»

ወንድሜ ባርኔጣውን በጣቶቹ መሃል ትንሽ አሽከረከረ። «እኔ ስሙ ደደብ መስሎኝ ነበር» አላት።

በወሩ ያ ቅጽ የሚያስሞላው ቢሮ ፋሻ ሳያስር ሄደ። «እህቴ፣ ማንበብና መጻፍ ይከብደኛል፤ ይሙሉልኝ» አላት ጸሐፊዋን። «እሺ፣ ሙሉ ስም?» አለችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ቀጥታ እኔ ቤት መጥቶ ሳይቀመጥ፦

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋሻ የጠቀለልኩት ለዚህች ነው?»

በያጁ ፊት ግን መነጽሩን ማጣቱን ቀጠለ። «እሱን እውነት ካስለመድኩት መሳቂያ ያጣል» አለኝ።

ሲሞት ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ዘንግ ነበር። ወንድሜ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ዘንጎቹ ካልተነበቡ የዚያን ሁሉ ሰው ቃል ይዞ መቅረቱ ነው፤ ሰፈሩም «ድሮም ማንበብ አይችልም» ብሎ ሊሸኘው ነው። ሥራውን የሚረከብ ሌላ አናጢ ተገኘ። «የትኛው የማን ነው?» አለኝ። ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። የትኛው ሚስማር ዳገቱን እንደሚጀምር እንኳ ጠፋኝ።

ልጁ ከኋላዬ ነበረች።

«አክስቴ፣ መነጽርሽን ረሳሽ እንዴ?»

አባቷን ቁርጥ። ከአባቷ ጋር ወርክሾፑ ስትውል እንደለመደችው አልፋኝ ሄዳ ዘንጎቹን እየነካካች ታነብልኝ ጀመር። «ይሄ ፀጉር አስተካካዩ፤ መደገፊያ ያለው ወንበር። ይሄ የጡረተኛው ነርስ፤ የመስኮት መዝጊያ። ይሄ ልብስ ሰፊዋ፤ እንደገና።» አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። እኔ እየጻፍኩ ተከተልኳት።

ከታችኛው ረድፍ ዳር፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ አንድ ዘንግ ለብቻው ቀረ።

«ይሄስ?»

«ያንቺ ቤት ነዋ!»

ምንም አላዘዝኩም። ዘንጉን ይዤ ቤቴ ሄድኩና በመስኮቱና በበሩ መሃል ባለው ግድግዳ ላይ አጋደምኩት። ገጠመ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ወር ምሳ እያቀራረብኩ ሳለ እዚያ ቆሞ ግድግዳውን ሲዳብስ አይቼዋለሁ፤ «እርጥበት እያየሁልሽ ነው» ብሎኝ ነበር። ገልብጬ አቆምኩት፤ አምስት ጭረት አለው። ወለሉ ላይ ከደረደርኳቸው መጻሕፍት ትልቁን መዝገበ ቃላት አንስቼ ጎኑ አቆምኩ። የመጀመሪያው ጭረት ከመዝገበ ቃላቱ በሁለት ጣት ከፍ ይላል።

አሥሩ ሥራ ተጠናቆ ለየባለቤቱ ደርሷል። አዲሱ አናጢ ለእኔም «ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ በሳምንት አደርስልሻለሁ» ብሏል። ሜትርም እርሳስም አለኝ። አልጻፍኩለትም።

ዘንጉን መልሼ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። መጻሕፍቱ ወለል ላይ ናቸው። መደርደሪያው አልተሠራም።