ኦርቪል ያገኘው ርካሽ ሰንጋ

ኦርቪል፦ ሰንጋ ሊገዛ የሚሄድ ሰው መኪናውን አጥቦ ይወጣል? እኮ ንገረኝ፣ ምን ነካህ?

ላይል፦ ቆሽሾ ነበራ።

ኦርቪል፦ መቆሸሹ እኮ ነው ጥቅሙ! ሻጭ መጀመሪያ የሚያየው መኪናህን ነው። ጭቃ ከለበሰ "ምስኪኖች ናቸው" ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። ካብለጨለጨ "ባለጸጎች መጡልኝ" ይላል። አንተ ደግሞ ጎማውን ሳይቀር ወልውለኸዋል።

ላይል፦ ጎማውን ዝናብ ነው ያጠበው።

[ሁለቱ ሽማግሌዎች በላይል ፒክአፕ ባዶ ተሳቢ እየጎተቱ በነብራስካ የጠጠር መንገድ ይሄዳሉ። ግራና ቀኙ ጉልበት የደረሰ በቆሎ ነው። ላይል የኦርቪል የሟች እህት ባል ነው፤ አሁንም እርሻው ላይ ይኖራል። ኦርቪል ግን እርሻውን ሸጦ ከተማ ገብቷል፤ ከሸጠ ወዲህ ስለ እርሻ የማያውቀው ነገር የለም። ዝምታ ይፈራል። ሰው ዝም ሲል ከራሱ ጋር ይገናኛልና፣ ኦርቪል ያን ቀጠሮ ዕድሜውን ሙሉ ሲያራዝመው ኖሯል።

ዛሬ ግን በሆዱ አንድ ምስጢር ይዟል። የልጁ ልጅ ኬንድራ በካውንቲው፣ ማለትም በወረዳው፣ የወጣቶች የእርሻ ትርኢት ላይ ለውድድር ሰንጋ ይዛ የምትቀርብበት የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። በገና ማዕድ ላይ ልጅቷ ስለ ሰንጋ አንድ ነገር ልትናገር ስትጀምር፣ ኦርቪል ከአፏ ነጥቆ "ለዚህ አያትሽ አለልሽ!" ብሎ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት ቃል ገብቷል። ያ ቃል እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነስቶታል። ለላይል የነገረው ግን "ሰንጋ ልገዛ ነው፤ ተሳቢህን አምጣ" የሚል ብቻ ነው፤ ላይል ምስጢር የሚያስቀምጥበት ጓዳ የለውም ብሎ ያምናል።]

ላይል፦ ግን አሁን ለምን? በዚህ ሙቀት?

ኦርቪል፦ ይኸውልህ፣ የእኔና የሌላው ሰው ልዩነት! ሰው ሁሉ ሰንጋ የሚገዛው በመከር ሰሞን ነው። ሁሉም ሲሻማ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ብልህ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቅና በዚህ ወር ይገዛል። ርካሽ!

ላይል፦ ለምን ረከሰ?

ኦርቪል፦ ሰው ሞኝ ስለሆነ።

ላይል፦ ሁሉም?

ኦርቪል፦ ሁሉም።

ላይል፦ [ጥቂት አስቦ] ብዙ ሰው ነው።

ኦርቪል፦ ብዙ ነው።

ላይል፦ አፓርታማህ ውስጥ ግን ትልቅ ፍሪዘር አለህ?

ኦርቪል፦ የምን ፍሪዘር? መንገዱን እይ አንተ ሰው!

[ኦርቪል ምስኪኑ አማቹ እያረጀ መሆኑን ልብ አለ። አዘነለት። ለሌላ ሰው ማዘን የራስን ዕድሜ ያስረሳል።

ሲደርሱ ሻጯ ወይዘሮ ኮቫሪክ ከበረንዳዋ ላይ ሆና በእጇ በረቱን አሳየቻቸውና ምድጃ ላይ የጣደችው ነገር ስላለ ወደ ውስጥ ገባች። በረቱ ውስጥ ጥቂት ሰንጋዎች በጭራቸው ዝንብ እየመቱ ቆመዋል።]

ኦርቪል፦ [በሹክሹክታ] አሁን የምልህን አድምጥ። የወደድከውን አታየውም፤ ያልፈለግከውን ታደንቃለህ። የግዢ ጥበብ ማለት ይህ ነው። ያውልህ ቀዩ፤ አንገቱ እንደ ፍየል ነው፤ አንፈልገውም። ጮክ ብለህ አሞግሰው።

ላይል፦ [ጮክ ብሎ] እንዴት አደርክ፣ ቀዩ!

ኦርቪል፦ ሰላም በለው አልኩህ?

ላይል፦ እንግዳ ነኝ፤ በምን ልጀምር?

ኦርቪል፦ ተወው። ከጥግ ያለውን ጥቁሩን... አትዙር!

ላይል፦ ሳልዞር እንዴት ልየው?

ኦርቪል፦ ስንገባ አላየኸውም?

ላይል፦ ስንገባ አጥሩን ነበር የማየው። አንዱ ሳንቃ ሚስማሩ ወልቋል።

ኦርቪል፦ አቤት አምላኬ! እሺ፣ ቀስ ብለህ ዙር። ጀርባውን አየኸው? ገበታ! ምሳ ይበላበታል። ፍሪምባው አልተንዘላዘለም። ሽንጡን ደግሞ እየው!

ላይል፦ ሽንጡስ ደህና ነው። ታፋውም አይከፋም። በምን ተቀለበ?

ኦርቪል፦ ቀለቡን ተወው፣ ፀጉሩን እይ! ይህ ፀጉር ታጥቦ፣ በማድረቂያ ተነፍቶ፣ ወደ ላይ ተበጥሮ ሲቆም ይታይህ!

ላይል፦ ማን ነው የሚያበጥረው?

ኦርቪል፦ የሚያበጥር ሰው አለ።

ላይል፦ እኛ ሳናበጥር ነው የምንሰጠው።

[ኦርቪል አልሰማም። ጆሮው ደህና ነው፤ ሐኪሙ በየዓመቱ ያደንቅለታል።]

ኦርቪል፦ አረማመዱን ልብ በል። የኋላ እግሩ የፊተኛው የረገጠበት ላይ ነው የሚያርፈው። እንዲህ የሚራመድ ሰንጋ በሕይወትህ ስንት አየህ?

ላይል፦ የት ድረስ ነው የሚራመደው?

ኦርቪል፦ ሰው ሁሉ በሚያይበት!

ላይል፦ እኔ በተሳቢ የምንወስደው መስሎኝ።

ኦርቪል፦ በተሳቢ ነው የምንወስደው!

ላይል፦ እሱ ይሻላል። ብዙ ካንገላታኸው ሥጋው ይጠነክራል።

ኦርቪል፦ ጠንካራማ ነው! አሁን ገባህ። እዚህ ቆይ፤ ፊትህን አኮሳትር፤ ምንም ነገር እንዳትወድ።

[ኦርቪል የተበደለ ሰው መስሎ ወደ ቤቱ ገባ። ላይል ፊቱን አኮሳትሮ ድንጋይ ፈለገና የወለቀውን ሚስማር መታ። ቀዩ ሰንጋ መጥቶ እጅጌውን ላሰው፤ ላይል እንዳይወደው ታዝዟልና ቀና ብሎ አላየውም፤ ክንዱን ግን አላነሳም። ብዙም ሳይቆይ ኦርቪል ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ወጣ።]

ኦርቪል፦ አለቀ! ጥቁሩ የኛ ነው። ዋጋ ጠራሁላት፤ እሺ አለች። እሺ ስትል ደነገጥኩና ዝቅ አደረግኩት፤ አሁንም እሺ አለች።

ላይል፦ ጥሩ ሴት ናት።

ኦርቪል፦ ጥሩ አይደለችም፤ ከብቷን አታውቅም! "የት ነው የምትወስደው?" አለችኝ። "ስሙ ሲጠራ አገር የሚሰበሰብበት ቦታ" አልኳት። "የትኛው አራጅ ነው እሱ?" አትለኝም!

ላይል፦ ምን መለስክላት?

ኦርቪል፦ ሳቅኩባት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገዢን ለማጣጣል የምትጠቀምበት ዘዴ ነው። ቀጥላ "ጉበቱን ካልበላችሁት ለኔ አስቀምጡልኝ" አለች።

ላይል፦ እሺ አልካት?

ኦርቪል፦ "ጉበቱ ከሰንጋው ጋር ይሄዳል፣ እመቤቴ" አልኳታ! እኔን ልታታልል?

ላይል፦ ትንሽ ብትሰጣት ምን ነበረበት። ብቻዋን ናት።

[ጥቁሩን ሰንጋ ጭነው ተነሱ። ኦርቪል የኋላ መስተዋቱን ወደ ራሱ አዙሮ ተሳቢውን እያየ ጥቂት ሄደ። ምስጢርን የሚያወጣው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ደስታም ያወጣዋል።]

ኦርቪል፦ እንግዲህ ከተጫነ ልንገርህ። ይህ ሰንጋ የኔ አይደለም። የኬንድራ ነው። ለትርኢቱ!

[ላይል መኪናውን አላቆመም፤ ፍጥነቱን ብቻ ቀነሰ።]

ላይል፦ ለየትኛው ትርኢት?

ኦርቪል፦ ለካውንቲው ነዋ፣ በመጪው ወር!

ላይል፦ ተመዝኗል?

ኦርቪል፦ ሚዛን ምን ያደርግልኛል? ዓይን አለኝ።

ላይል፦ ለዓይንህ አይደለም፣ ለትርኢቱ ነው። ለትርኢት የሚቀርብ ሰንጋ ሁሉ በበረዶው ጊዜ ትርኢቱ ግቢ ተወስዶ ይመዘናል፤ ጆሮው ላይ በባለቤቱ ስም ቁጥር ይደረግለታል። ያን ዕለት ሚዛን ላይ ያልወጣ ሰንጋ ሜዳውን አይረግጥም።

ኦርቪል፦ እኔ እኮ ሐሙስ የገዛሁትን ቅዳሜ ትርኢቱ ላይ ይዤ የገባሁ ሰው ነኝ!

ላይል፦ ያኔ እኔም ፀጉር ነበረኝ።

[ጠጠሩ ብቻ ከመኪናው ሆድ ጋር ይጋጫል። ኦርቪል በመከር የሚሻሙትን ሞኞች አንድ በአንድ አሰባቸው። ለምን ያኔ እንደሚሻሙ ገባው። ሰንጋው ለምን እንደረከሰም ገባው።]

ኦርቪል፦ ላይል።

ላይል፦ አቤት።

ኦርቪል፦ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?

ላይል፦ ለትርኢት ነው አላልክማ። ለሥጋ መስሎኝ ነው። ለሥጋ ከሆነ ግሩም ገዝተሃል።

ኦርቪል፦ ቃል ገብቼላታለሁ። የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ... ልጅቷን ምን ዓይን ይዤ አያታለሁ? በኔ ምክንያት ባዶ እጇን ልትቀር ነው።

ላይል፦ አትቀርም። የሷ ተመዝኗል።

ኦርቪል፦ የሷ ምኗ?

ላይል፦ ሰንጋዋ። በመከር ነው የገዛችው። የእኔ ጋጣ ውስጥ ነው ያለው፤ በየቀኑ እየመጣች ታበላዋለች፣ ታስኬደዋለች።

ኦርቪል፦ እንዴት ሆኖ? እሑድ እሑድ እኔ አንተ ቤት አይደለሁም እንዴ?

ላይል፦ ነህ። "ና ጋጣ ውስጥ አንድ ነገር ላሳይህ" እልሃለሁ። አንተ "ይቺን ወሬ ልጨርስ" ትለኛለህ።

ኦርቪል፦ እና?

ላይል፦ አላለቀችም።

ኦርቪል፦ እሷስ? እሷ ለምን አልነገረችኝም?

ላይል፦ በገና ልትነግርህ ጀምራ ነበር።

[ላይል ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ቤቱ ታጠፈ። ጋጣው ደጃፍ ላይ ሞተሩን አጠፋ።]

ኦርቪል፦ ላየው ይቻላል?

[ላይል ዞር ብሎ አየው። የኦርቪልን እህት ካገባ ጀምሮ ሰውየው ፈቃድ ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው።]

ላይል፦ ይቻላል።

ኦርቪል፦ ስም አውጥታለታለች?

ላይል፦ አውጥታለታለች።

ኦርቪል፦ ማን አለችው?

ላይል፦ ኦርቪል።

[ኦርቪል ባርኔጣውን አወለቀ። ዓይኑ ውስጥ አቧራ የገባ ይመስል በእጅጌው ጠራረገ። ከዚያ ትከሻው ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ደረቱም ተነፋ።]

ኦርቪል፦ የኔን ስም! መቼም ልጅቷ ዓይን አላት። ቁመናው ነው አይደል? ግርማው!

ላይል፦ ቁመናውስ የራሱ ነው።

ኦርቪል፦ ታዲያ ምኑን አይታ ነው?

ላይል፦ ጠዋት ከጀመረ እስከ ማታ አያቆምም።

ኦርቪል፦ ምኑን?

[ኦርቪል "እኔ ማለት..." ብሎ አፉን ከፈተ፤ ከጋጣው ውስጥ ግን ሌላኛው ኦርቪል "እምቧ!" ብሎ ቀደመው።]