የአስፕሪኒዮን ወይን ከዛፍ ለማውረድ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ከአቬርሳ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ካዛልቬርዴ መንደር፣ የወ/ሮ ኢማኮላታ ኮርቪኖ ጓሮ

የተገኙ፦
1. አቶ ሳቬሪዮ ኮርቪኖ፣ የመንደሩ ወይን አምራቾች ማኅበር ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ኢማኮላታ ኮርቪኖ፣ አባል (የሰብሳቢው ሟች ወንድም ባለቤት)
3. አቶ ቤኒያሚኖ ጋላሶ፣ አባል
4. ኦሬስቴ ማይሎ፣ ፀሐፊ

ሦስት አባላት ወይን ለቀማ ላይ በመሆናቸው አልተገኙም። አራት ሰው ስለሞላ ምልዓተ ጉባኤ መኖሩ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ ወይኑን ስለማውረድ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ አስፕሪኒዮ ወይን ፖፕላር የተባለውን ረጅም ዛፍ ታክኮ ከቤት ጣሪያ በላይ ስለሚወጣ ለቃሚውም አብሮት ይወጣል። ወንድማቸው ራፋኤሌ አምና ከዚሁ ጓሮ ዛፍ ላይ ወድቀው መሞታቸውን አስታውሰው፣ ዛፎቹ ተቆርጠው ወይኑ በወገብ ልክ ሽቦ ላይ እንዲያድግ ሐሳብ አቀረቡ።

አቶ ቤኒያሚኖ ወይኑ የላይኛውን ነፋስ ካጣ ያ ጥርስ የሚያጠርሰው ጣዕሙ እንደሚጠፋ ገልጸው፣ በየዛፉ ሥር ፍራሽ ይነጠፍ አሉ። የማን ፍራሽ ተብለው ሲጠየቁ ሐሳባቸውን መልሰው ወሰዱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ከወ/ሮ ኢማኮላታ ዛፍ ተጀምሮ ሁሉም እንዲቆረጡ በሁለት ድምፅ ተወሰነ። ፀሐፊው እየጻፈ ስለነበር እጁን አላወጣም። ወ/ሮ ኢማኮላታ ድምፅ ሳይሰጡ ቅርጫት ይዘው ተነሡ።

አጀንዳ 2፦ ድንገተኛ

ወ/ሮ ኢማኮላታ መሰላል ላይ ሆነው ወይን ሲለቅሙ ታዩ። አቶ ቤኒያሚኖ «አንድ አባል ስብሰባውን ጥለው ስለወጡ ምልዓተ ጉባኤው ፈርሷል» አሉ። ሰብሳቢው «ወደ ላይ ወጡ እንጂ ጥለው አልወጡም» በማለት ተቃወሙ። በዚህ ላይ ሰፊ ክርክር ተደረገ።

ከዚህ በታች ያለው፣ ወ/ሮ ኢማኮላታ ከላይ ሆነው «አንዲት ቃል እንዳታስቀር!» ብለው ፀሐፊውን ስላዘዙ እንደተነገረ ተጽፏል።

ሰብሳቢው፦ «ውረጂ አልኩሽ! ከዚህ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ አላወጣም!»

ወ/ሮ ኢማኮላታ፦ «ወንድምህን ዛፉ መቼ ገደለው፣ ሳቬሪዮ? የበሰበሰ መሰላል ነው የገደለው። አዲስ ይሠራልን እያለ ስንቴ ለመናችሁ! እናንተ ‹ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ!›»

አቶ ቤኒያሚኖ ጫማቸውን ሲመለከቱ ታይተዋል።

ሰብሳቢው፦ «አሁን የቆምሽበትስ?»

ወ/ሮ ኢማኮላታ፦ «ያው ነዋ። የተሰበረውን እርከን በገመድ አስሬዋለሁ።»

ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነሥተው መሰላሉን ከሥር ያዙ።

ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው ተወሰነ፦ በአጀንዳ 1 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል፤ አዲስ መሰላል ነገ ጠዋት ይሠራል፤ እስከዚያው መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይመደባል።

ስብሰባው ቅርጫቱ ሞልቶ በገመድ ሲወርድ፣ 12፡10 ላይ ተዘጋ። ሰብሳቢው ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ አልፈረሙም።