እትዬ ማርሊስ እና ሰማይ ላይ ያለው ዘመዳቸው

መጀመሪያ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ቀጥለው ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ ሳህን የሚያህል ብረት በገመድ ከጀልባው ጎን ያወርዳሉ። ብረቱ ከዓይን ሲሰወር ገመዱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ፤ ሳብ አድርገው እንደገና ብቅ ሲል ቆንጠጥ። መካከሉን ለክተው ውኃው ምን ያህል እንደጠራ ይጽፋሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኩለ ቀን ገደማ፣ ሐይቃችንን ከሰማይ ፎቶ የሚያነሣው ሳተላይት በላያችን በሚያልፍባት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀና ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

"አያይዎትም እኮ" አልኳቸው አንዴ።

"ጨዋነት ለሚያይ ብቻ ነው እንዴ?"

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ መስኮት ከመክፈት ሳተላይት መጠየቅ የሚቀለው ሰው የሌለበት የሐይቅ ዳር መንደር የለም። የእኛዋ ክብርት እትዬ ማርሊስ ኤንገብሬትሰን ናቸው፦ የፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ የጠፈር ልዩ መልእክተኛ። ዝናብ አናታቸውን እየደበደበው "ቆይ፣ ከላይ ምን ይላል?" ይላሉ። የጀልባ ሞተር የምጠግንበትን ቤት ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ስቀይር፣ ከደጄ ሃያ እርምጃ ርቀው የሚኖሩት እሳቸው ደውለው "ሐይቁ ዳር ያልታወቀ ነጭ ነገር ታይቷል፤ ተጠንቀቅ" አሉኝ።

ቢሆንም የሠላሳ ዓመት የሳተላይት ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው፣ ከዝናብ በኋላ ከጅረቱ አፍ ቡናማ የጭቃ ምላስ ወደ ሐይቁ እንደሚዘረጋ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። እኛ ዕድሜ ልካችንን ዳሩ ላይ ቆመን አላየነውም። ጅረቱን ግራና ቀኝ ሣር አለበስነው፤ ውኃው ጠራ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ግን ጉድ መጣ። ግማሽ ዓመት በረዶ ችለን የምንጠብቃት የዋና ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ የሳተላይቱ ፎቶ ሐይቁን ቢጫ አረንጓዴ አድርጎት ቁጭ አለ።

"መርዘኛ አልጌ ነው! ዋና የለም!" አለ የሐይቁ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዱዌይን ስኩግ። ልጆቹ አለቀሱ። "እትዬ ማርሊስ፣ ያ ዘመድዎ ጉድ ሠራን!"

እሳቸው ጀልባ አስነሡኝና የዕቃ ማጠቢያ ጓንታቸውን አጥልቀው ውኃውን ጨለፉ፤ አሸተቱ። ጠብታዋን በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው በሳቅ ፈነዱ። "ና እይ! የአይጥ ራስ!" እውነትም እያንዳንዷ ቅንጣት ሁለት ክብ ጆሮ አላት። የጥድ አበባ ብናኝ ነበር!

"ሳተላይቱ ተሳስቷላ!" ብሎ ዱዌይን ፈነጠዘ።

"የምን መሳሳት? ቢጫ አለ፣ ቢጫ ነው። የምን ቢጫ እንደሆነ ማወቅ የእኛ ሥራ ነው!"

ዓርብ ረፋድ ናሙናውን የላክንለት ቤተ ሙከራም ይህንኑ አረጋገጠ። ቅዳሜ ከነዱዌይን ዘለልን፤ ጫጩት መስለን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ነዳጅ ሞልቼ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ፤ ማንም አይቀድመኝም።

ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ ትእዛዝ ሰጡኝ፦ "ለአንባቢዎችህ ንገርልኝ። ሐይቅም፣ ወንዝም፣ ኩሬም ይሁን፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ውረዱና ውኃችሁ ምን ምን እንደሚሸት ጻፉልኝ። ምስኪኑ እዚያ ላይ ሆኖ አፍንጫ የለውም።"