በር ላይ የቀረችው ካርድ

ኪስ ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡኝ፤ እናንተንም ጨምሮ ነው። እስቲ ሒሳብ ሲመጣ ኪሳችሁን ዳሰስ ዳሰስ እያደረጋችሁ «ተው፣ እኔ እከፍላለሁ!» ያላችሁበትን ቀን አስታውሱ። ኪሱ ውስጥ ከመሀረብ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እኔ ኪሴን በመዳሰስ ብቻ ሃያ ዓመት ሙሉ ተከብሬ ኖሬያለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ኪስ እያለኝ ምን ነክቶኝ ካርድ ያዝኩ? መሥሪያ ቤታችን ነዋ! ድሮ ደመወዝ የምንቀበለው ገንዘብ ያዧ መስኮት ፊት ተሰልፈን፣ ፈርመን፣ ጣታችንን ምራቅ እያስነካን ቆጥረን ነበር። አንድ ቀን «ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝ በባንክ ነው» ተባለና አንዳንድ ካርድ ታደለን። ስሜ ጎላ ብሎ ተጽፎባታል... እንዴት እንደምታምር! ከዚያን ቀን ጀምሮ የካርድ ሰባኪ ሆንኩላችሁ። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ መዘዝ አደርጋታለሁ።

«ማሽን የለሽም?»

«የምን ማሽን? የልብስ ስፌት?» ትለኛለች ባለ ሽንኩርቷ።

በልቤ «ወይ ኋላ ቀርነት!» እያልኩ ባለቤቴ በሰጠችኝ ብር እከፍላለሁ። እርግጥ የባንኩም ማሽን ቢሆን መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለውም፤ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ብር የለውም። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

በዚህ መሀል ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ ሌንሴ የካራ ልጅ ናት። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲሄድ የእሷ ወገን የሆኑ ሴቶች በሩን ዘግተው አናስገባም ይላሉ። ሚዜዎች ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ በመጨረሻም ብር ይመዛሉ።

«የበሩን ነገር ለእኔ ተወው፤ ስጦታዬ ነው» አልኩት ሰለሞንን።

«ብሩን አዘጋጅተሃል?»

«በካርድ ዘመን ብር ተሸክሞ የሚዞር ማነው? ሚዜዎችህም ምንም እንዳይዙ!»

ካርዷ ላይ ስንት እንደነበረ ልንገራችሁ? ሦስት መቶ አርባ ብር። የወር መጨረሻ ነበራ! ሦስት መቶውን ለበሩ፣ አርባዋን ለታክሲ ብዬ መድቤያለሁ። የሰርጉ ዕለት ጠዋት መገናኛ ያለው ማሽን ጋ ብቅ ስል «ይቅርታ፣ ለጊዜው አገልግሎት አንሰጥም» አለኝ። ኮተቤ ሄጄ ሞከርኩ፤ እሱም ያው ነው። ሰዓቱ ደረሰና ክላክስ እያስጮህን ካራ ገባን፤ እኔም ኪሴ ውስጥ ከካርድና ከመሀረብ በቀር ምንም የለኝም።

በሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከነከበሯቸው ተደርድረዋል። አለቃቸው የሙሽሪት ታናሽ እህት ጫልቱ ናት፤ የኮሌጅ ተማሪ፣ ዓይኗ የማይርበተበት።

«ሺህ ብር!» አለች።

«የኔ እህት፣ ሽቶ እንጨምርላችሁ...»

«ሽቶውን ጨርሳችሁታል! ሺህ ብር!»

ወደ ሚዜዎቹ ዞርኩ። አራቱም አዲስ ሱፍ ለብሰዋል፤ ኪሳቸው ገና ከነስፌቱ ነው።

«ምንም እንዳትይዙ ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ?» አለኝ አንዱ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቸርች መድረስ አለብን። ፓስተሩ ከእኛ ቀጥሎ ሌሎች ሙሽሮች ስላሉት እንደማይጠብቀን ሳምንቱን ሙሉ ሲነግረን ነው የከረመው። ሰለሞን ሰዓቱን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ ዛሬ ሳላገባ ብቀር በአንተ ነው!» ላቡ በግንባሩ ይንቆረቆራል። ይህን ልጅ እኮ አዝዬ ነው ያሳደግኩት።

ያኔ ሃያ ዓመት ያገለገለኝ አመል መጣብኛ! ካርዷን መዝዤ ወደ ላይ ከፍ አደረግኳት።

«ሺህ ብር ምን አላት! ካርዷን ያዙ! የፈለጋችሁትን ያህል አውጡ!»

እልልታው ቀለጠ። እኔ በሆዴ ምን እያልኩ ነበር መሰላችሁ? «ማሽኑ እንደሆነ አይሠራ!»

ጫልቱ ግን የዋዛ አይደለችም። «ፒን ኮዱስ፣ ጋሼ?» አለች። በጆሮዋ ልነግራት ጠጋ ብል ከበሮው መች ያሰማል! «ጮክ ይበሉ!» አለችኝ። ሰለሞን እንደገና ሰዓቱን አየ። ምን አማራጭ አለኝ? ጮህኩ።

«ሁለት! ሰባት! ሰባት! አራት!»

ሴቶቹ ከአፌ ተቀበሉኝ፤ ከበሮ መቺዋ ምት አበጀችለት፤ ሰርገኛው በሙሉ እያጨበጨበ የሚስጥር ቁጥሬን ዘፈነው። በሩም ተከፈተ። ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቸርች ደረስን፤ ወንድሜም አገባ።

መልሱ ማክሰኞ ነበር። የሙሽሪት አባት አቶ ገመቹ፣ ድሮ ገበሬ የነበሩ ዛሬ ብሎኬት የሚነግዱ ሰው፣ አጠገባቸው አስቀምጠው «እኚህ ናቸው ካርዳቸውን ከነቁጥሩ የሰጡን!» እያሉ ለዘመዱ ሁሉ ያስተዋውቁኛል። እኔም አንገቴን ቀና፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ ሰላምታ እቀበላለሁ። ይሄኔ ጫልቱ ፖስታ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ትናንት ኮተቤ ወርጄ ነበር።»

«አይሠራም አይደል?» አልኳት፣ ያዘንኩ ለመምሰል እየጣርኩ።

«ኧረ ይሠራል! ኔትወርኩ ደግሞ ሲፈጥን!»

ዓመት ሙሉ የረገምኩት ኔትወርክ... በዚያች ሰኞ ይሥራ?!

«ሺህ ብር ብዬ ጻፍኩ፤ በቂ ሒሳብ የለም አለኝ። አምስት መቶ ብልም ያው ነው። ከዚያ...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከዚያ ቀሪ ሒሳቡን ጠየቅኩት።»

ፖስታውን ገለጥ አደረግኩ። ካርዴ አለች። «ሦስት መቶ አርባ» የሚል ቁራጭ ወረቀት አለ። ኪስ ስንት ዘመን ሲዳሰስ ኖረ፣ አንድም ቀን ወረቀት አትሞብኝ አያውቅም! ከወረቀቱ ሥር ደግሞ የተጣጠፉ አሥር አሥር ብሮች አሉ።

«ይሄስ?»

«እኛ ሴቶቹ ተነጋግረን አዋጣን... ለታክሲ ይሆንዎታል።»

ቀና ብል በር ዘግተውብኝ የነበሩት ሁሉ ከጓዳው በኩል በኀዘኔታ ያዩኛል። አንዷማ ሳልጠይቃት ሥጋ ጨመረችልኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም! ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስም ብሎኛል። ወንድሜ ከምን ዓይነት ቤተሰብ ጋር እንደተዛመደ የገባኝ ያኔ ነው። ነገሩን ለአቶ ገመቹ እንኳ ሳይነግሯቸው ነው ያደረጉት።

«ደግሞ ጋሼ» አለች ጫልቱ ልትሄድ ስትል፣ «ቁጥሩን ይቀይሩት እንጂ፤ አገር ምድሩ እኮ በቃሉ ይዞታል!»

እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም። እነዚያ ሴቶች ቁጥሩንም ቀሪውንም ያውቃሉ፤ ቀሪውን የማያውቅ ሰርገኛም ካለ ይኸው ዛሬ ነገርኩት። ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ያለው ባንክ ካለ እስቲ ጠቁሙኝ!